የተራ ነገር

«ቪ.አይ.ፒ.» የምትባለው ቃል አንድ ቀን ለእኔ ትነገራለች ብዬ አስቤ አላውቅም። ሚኒስትር አይደለሁ፣ ዘፋኝ አይደለሁ፤ የሮጥኩትም ቢሆን ታክሲ ለመያዝ ብቻ ነው። ሠላሳ ዓመት ታሪክ ሳስተምር የኖርኩ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነኝ። ይሁንና በ2016 ዓ.ም. በጥር ወር፣ በዱባይ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ፣ ለአንድ ሰዓት ተኩል ያህል ቪ.አይ.ፒ. ሆኜ ነበር። ከዚያን ዕለት ወዲህ አንድ ጥያቄ አልለቀኝም። ተራ ነገር ነው የሚለኝ ሰው ይኖራል። እኔም «ልክ ነው፤ የተራ ነገር ነው» እለዋለሁ።

የከፈለችልኝ ታናሽ እኅቴ ናት። በ1998 ዓ.ም.፣ በሃያ ዓመቷ፣ በቤት ሠራተኛነት ወደዚያ አገር ሄደች። በሁለት አሠሪዎች ቤት አሥር ዓመት አገለገለች። ኋላም ከጓደኛዋ ጋር ሆና፣ ብዙ ተፍጨርጭራ፣ አንዲት የሴቶች ጸጉር ቤት ከፈተች። እርሷ ዘንድ ሦስት ሳምንት ሰንብቼ ልመለስ ስል፣ «ወንድም ጋሼ፣ ጉልበትህን እያመመህ እዚያ ሰልፍ ላይ አትቆምም። ነገሩን ጨርሼዋለሁ» አለችኝ። ምኑን እንደጨረሰችው ስጠይቃት ነገረችኝ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ተጓዡ ከበረራው አስቀድሞ ስሙንና የበረራ ቁጥሩን ይሰጣል፤ ገንዘቡን ይከፍላል። በዕለቱ ከመኪና ሲወርድ ስሙ የተጻፈበት ሰሌዳ የያዘ ሰው ይጠብቀዋል። ተሸካሚ መጥቶ ሻንጣውን ይቀበለዋል። ሻንጣ የሚመዘንበት፣ ፓስፖርት ማኅተም የሚመታበት፣ ዕቃና ሰውነት የሚፈተሽበት ስፍራ ሁሉ ለእርሱ ለብቻው የተከለለ መስመር አለው። ከዚያም ለስላሳ ወንበር፣ ቡናና ተምር ወዳለበት ሳሎን ይገባል። ሰዓቱ ሲደርስ በባትሪ የምትሄድ ትንሽ መኪና ወደ አውሮፕላኑ መግቢያ ትወስደዋለች። በሌሎች ብዙ የዓለም ከተሞችም ይኸው አገልግሎት ይሸጣል።

«ስንት ከፈልሽ?» አልኳት።

«ሦስት መቶ ዲርሃም አይሞላም።»

የታሪክ መምህር ነኝና ሐሳቤ ወዲያው ወደ ኋላ ሄደ። መጀመሪያ ስትቀጠር የወር ደመወዟ ስድስት መቶ ዲርሃም ነበር። እንግዲህ በዚያን ጊዜ ሒሳብ የአሥራ አምስት ቀን ጉልበቷን ለእኔ የአንድ ጥዋት ምቾት አወጣችው ማለት ነው። ይህንኑ ብነግራት ሳቀች፤ ሳቋ ግን የደስታ አልነበረም።

«መጀመሪያ የመጣሁ ቀን፣ ወንድም ጋሼ፣ የሚረከበኝ ሰው እስኪመጣ ድረስ ከሌሎች ልጆች ጋር መሬት ላይ ቁጭ ብዬ ስምንት ሰዓት ጠብቄአለሁ። ፓስፖርታችን በደላላው እጅ ነው። ስማችን እንኳ አይጠራም፤ በቁጥር ነበርን። እኔ የጠበቅሁት ለአንተም ይበቃል። ደግሞ ልንገርህ። አገር ቤት አንድ ጉዳይ ላስፈጽም ስሄድ ‹የማን ልጅ ነሽ?› እባል ነበር። እዚህ ስመጣ ‹የማን ሠራተኛ ነሽ?› ተባልኩ። የማን ነሽ ብሎ ያልጠየቀኝ ገንዘብ ብቻ ነው።»

ያን ጊዜ መልስ አልነበረኝም። ይህን የምጽፈውም ለእርሷ የሚሆን መልስ ባገኝ ብዬ ነው።

በማግስቱ ነገሩ ሁሉ እንደተባለው ሆነ። ቁመናው ያማረ ወጣት ስሜን ይዞ ጠበቀኝ፤ እጅ ነሳኝ፤ ሻንጣዬን አስያዘልኝ። የአዲስ አበባው በረራ ሰልፍ በስተግራችን ተጠማዞ ተጠማዞ እስከ በሩ ይደርሳል። ብዙዎቹ ወጣት ሴቶች ናቸው። ሻንጣቸው በፕላስቲክ ተጠቅልሎ በገመድ ተጠፍሯል። አንዳንዷ ጫማዋን አውልቃ ሻንጣዋ ላይ ተቀምጣለች፤ ሌላዋ ቆማ ታንቀላፋለች። እኔ በገመድ ተከልሎ ባዶ በተተወው መስመር፣ በቀይ ምንጣፍ ላይ፣ እንደ ሙሽራ አለፍኩ።

ልደብቀው አልፈልግም፤ ደስ ብሎኝ ነበር። የታመመው ጉልበቴ ብቻ አይደለም የተደሰተው። ትከሻዬም ቀና አለ።

ሚዛኑ አጠገብ ስደርስ ከጎኔ ካለው መስኮት አንዲት ልጅ ዞር ብላ አየችኝ። ሻንጣዋ ወለሉ ላይ ተከፍቷል። «ጋሼ፣ አበሻ ነዎት አይደል? እባክዎ ይቺ ልጅ ምን እንደምትለኝ ይንገሩኝ። ዐረብኛ እሰማለሁ፤ እርሷ ግን በእንግሊዝኛ ነው የምትናገረው» አለችኝ።

ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ ነገር ነው። እንግሊዝኛዬም ለሻንጣ ጉዳይ አያንስም። ነገር ግን የእኔ ሥራ አልቆ፣ ሰሌዳ ያዡ ወጣት እጁን ዘርግቶ፣ «በዚህ በኩል ጌታዬ» እያለኝ ነበር። እኔም፣ «ይቅርታ እኅቴ፣ እየጠበቁኝ ነው» ብዬ አለፍኩ።

እየጠበቁኝ ነው! የሚጠብቀኝ ቡናና ተምር ነበር።

ሳሎኑ ውስጥ ተቀምጬ የማስበው ስለዚህች ስለ «ተራ» ቃላችን ሆነ። አንዴ ወረፋ ማለት ናት፦ ተራ ያዝ፣ ተራህ ደርሷል፣ ተራ አስከባሪ እንላለን። አንዴ ደግሞ ልዩ ያልሆነ፣ ከብዙዎቹ አንዱ የሆነ ማለት ናት፦ ተራ ሰው፣ ተራ ወታደር፣ ተራ ወሬ እንላለን። መርካቶ ከወረድን ደግሞ ሸማ ተራና ዶሮ ተራ አሉ፤ አምሳያ ከአምሳያው ጋር የተደረደረበት ስፍራ ነው። ስለ ቃሏ አመጣጥ የቋንቋ ሊቃውንት ይከራከሩ። ለእኔ ግን እነዚህ ሁሉ ፍቺዎች አንድ ነገር ይነግሩኛል። ተራ መያዝ ማለት ለጥቂት ሰዓት ተራ ሰው ለመሆን መስማማት ነው። ዶክተሩም፣ ወዛደሩም፣ ሀብታሙም ከፊቱ ያለውን ሰው ጀርባ እያየ ይቆማል። እንግዲህ እኅቴ የገዛችልኝ አንዱን ተራ ብቻ አልነበረም። ወረፋውንም ገዛችልኝ፤ ከተራ ሰውነትም አወጣችኝ።

ልጅ ሳለሁ፣ በ1970ዎቹ፣ ለስኳርና ለነጭ ጋዝ የምንሰለፈው ሰዓት እላፊው እንዳበቃ ነበር። ኅብረት ሱቁ እስኪከፈት ሁሉም ቆሞ አይጠብቅም። አንዱ ድንጋይ፣ አንዱ ዘንቢል፣ አንዱ ጀሪካን አስቀምጦ ይሄዳል። ድንጋዩ ሰው ነው፤ ማንም አይነካውም። ሰፈራችን ውስጥ የአልጋ ቁራኛ የሆኑ አንዲት እማሆይ ነበሩ። ጎረቤት ድንጋይ ያስቀምጥላቸዋል። ሰልፉ አንድ እርምጃ በተጠጋ ቁጥር ከኋላ ያለው ሰው ድንጋዩን በእግሩ ገፋ ያደርገዋል። እንዲህ እየተገፋ ደጃፉ ሲደርስ ከልጆቹ አንዱ ኩፖናቸውን ይዞ ይገባላቸዋል። እኔም ብዙ ቀን ያንን ድንጋይ ገፍቻለሁ።

ያው ሱቅ ግን የጓሮ በር ነበረው። በዚያ በኩል የሚገባው የሹማምንቱ ወገን ነው። እማሆይም ሳይሰለፉ ስኳር ያገኛሉ፤ የሹሙ ወገንም ሳይሰለፍ ስኳር ያገኛል። ሰልፈኛው ግን በአንደኛው ያዝናል፣ በሌላው ይናደዳል። እማሆይን ያሳለፋቸው ሰልፉ ራሱ ነው፤ ፈቅዶ፣ በእግሩ እየገፋ። በጓሮ በር የገባውን ያሳለፈው ግን ተራው የእርሱ ያልሆነ ሰው ነው።

በዚህ ዓይን ሳየው የቪ.አይ.ፒ. መስመር ጥያቄው ይጠራልኛል። የተሸጠልኝ ተራ የማን ነበር? የሰልፈኛው ነው። ገንዘቡን የተቀበለው ማን ነው? ሰልፈኛው አይደለም። ያቺ ጫማዋን ያወለቀች ልጅ ተራዋን ስትሸጥ አልተጠየቀችም፤ ከዋጋውም ሰባራ ሳንቲም አልደረሳትም።

«ቆይ እንጂ» የሚለኝ አንባቢ ይኖራል፤ ደግሞም እውነት አለው። ከፋዩ በገንዘቡ ተጨማሪ ሠራተኛ ቢያስቀጥር፣ የራሱን በር ቢያሠራ፣ የማንን ደቂቃ ወሰደ? እንዲያውም አንድ ሰው ስለቀነሰ ሰልፉ ያጥራል። የገንዘብ ሥርዓትስ ከቀድሞው አይሻልም ወይ? ድሮ መኳንንት በበቅሎ ሲያልፉ አሽከር ከፊት እየቀደመ ሰዉን ገለል ያደርግ ነበር፤ በበቅሎ ላይ ያለ ታናሽም ወርዶ እጅ ይነሳል። ያ ክብር በዘር፣ በሹመት የሚገኝ ነው። ቢሠሩ ቢሠሩ አይገዛም። የሠራተኛ ልጅ ሠርታ፣ ከፍላ፣ ወንድሟን በዚያ መስመር ማሳለፍ መቻሏ ለውጥ ነው። «የማን ነሽ ብሎ ያልጠየቀኝ ገንዘብ ብቻ ነው» ያለችኝ ልጅ አልዋሸችም።

የሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲው የፍልስፍና መምህር ማይክል ሳንደል ገንዘብ ምን መግዛት እንደሌለበት የሚመረምር መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ2012 አሳትሟል። የመጀመሪያው ምዕራፍ ስለ ወረፋ መዝለል ነው፤ የአውሮፕላን ማረፊያን ነገርም ያነሣል። ሳንደል ወረፋ ሁሉ ቅዱስ ነው አይልም። ቤቱን የሚሸጥ ሰው ቀድሞ ለመጣው ገዥ ብቻ የመሸጥ ግዴታ የለበትም። ነገር ግን ገበያና ወረፋ የየራሳቸው ሥነ ምግባር አላቸው፤ ገበያው የወረፋውን ስፍራ ሲወስድ አብሮ የሚጠፋ ነገር አለና ያ ነገር ምን እንደሆነ መጠየቅ አለብን ይላል። እኔም ጥያቄውን ተቀብዬ ወደዚያች ጥዋት ልመልሰው። እኔ ከሰልፉ ስወጣ የጠፋው ምንድን ነው?

ከሁሉ አስቀድሞ የጠፋው የሚናገር አፍ ነው። አልበርት ሂርሽማን የተባለው የምጣኔ ሀብት ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1970 ያሳተመው ዝነኛ መጽሐፍ የተጸነሰው በናይጄሪያ ምድር ባቡር ነው። ባቡሩ አገልግሎቱ ደካማ ነበር። የጭነት መኪና ሲበዛ ተፎካካሪ ስለመጣበት ይሻሻላል ተብሎ የሚጠበቅ ነው፤ ግን አልተሻሻለም። ሂርሽማን ምክንያቱን ሲፈልግ ያገኘው ይህ ነው፦ አቤት የሚሉት፣ የሚጮኹት፣ ሹሙን እንቅልፍ የሚነሱት ደንበኞች ቀድመው ወደ መኪናው ሄዱ። ባቡሩ ጋ የቀሩት አማራጭ የሌላቸው፣ ቢጮኹም የማይሰሙ ሆኑ።

የአውሮፕላን ማረፊያም ሰልፍ እንዲሁ ነው። ረጅም ሰልፍ የሚያጥረው ጋዜጣ ላይ መጻፍ የሚችል፣ ኃላፊውን በስልክ ማግኘት የሚችል ሰው እግሩን ሲያመው ነው። ያ ሰው በምንጣፉ በኩል ካለፈ ሰልፉን ማን ያየዋል? ከዚህም የከፋው፣ ሰልፉ ባጠረ ቁጥር የምንጣፉ ገበያ ይቀዘቅዛል። ማንም ሆን ብሎ ሰልፍ አስረዘመ አልልም። ነገር ግን የሰው መጉላላት ለአንዱ ወገን ገቢ የሚያስገኝ ዕቃ ከሆነ በኋላ፣ መጉላላቱን ለማስቀረት የሚቸኩል ሰው ማግኘት ይከብዳል። የእኛንም ቤት እንይ። ፓስፖርት በአስቸኳይ ለሚፈልግ ከፍ ያለ ክፍያ አለ፤ በእርግጥ የሚያስቸኩል ነገር ሞልቷል። ይሁንና አስቸኳዩ በተመቸ ቁጥር ስለ መደበኛው የሚጨነቀው ሰው ማን ነው?

ሁለተኛው የጠፋ ነገር ከዚህ ይረቃል። በአሜሪካ፣ በሎስ አንጀለስ አውሮፕላን ማረፊያ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 አንድ የግል ተርሚናል ተከፈተ። ከፋዩ ከሕዝቡ ተለይቶ በራሱ ክፍል ይቀመጣል፤ ፍተሻው እዚያው ያልቅለታል፤ ከዚያ በመኪና ሜዳውን አቋርጦ አውሮፕላኑ ሥር ይወርዳል። ባለቤቶቹ ከመኪና ወንበር እስከ አውሮፕላን ወንበር ያለውን እርምጃ ቆጥረው፣ በሕዝቡ በኩል 2,200፣ በእነርሱ በኩል 70 መሆኑን ይናገሩ ነበር። ይህ ምንም አይደለም። እኔን ያስገረመኝ ሌላ ነው። ሲከፈት የጎበኙት ጋዜጠኞች እንደዘገቡት፣ በዋናው ተርሚናል ያለውን ግፊያ የሚያሳይ ስክሪን ለእንግዶቹ መግቢያው ላይ ተቀምጦ ነበር፤ «ያመለጣችሁን እዩት» ለማለት ነው።

ለምን አስፈለገ? ወንበሩ ለስላሳ ከሆነ ለስላሳ ነው፤ የሌላው መቆም ምን ይጨምርለታል? ይጨምርለታል እንጂ። እኔ ስክሪን ሳያስፈልገኝ በዓይኔ ስላየሁት አውቀዋለሁ። ትከሻዬን ቀና ያደረገው ምንጣፉ አልነበረም፤ ከምንጣፉ ማዶ የቆሙት ናቸው። አዳራሹ ባዶ ቢሆን ኖሮ እኅቴ የከፈለችው ገንዘብ ግማሹ በከንቱ በቀረ ነበር። ጉልበቴን ለማሳረፍ የከፈልን መስሎን ነበር፤ ለካ የሌላውን ድካም እንደ ጌጥ ለብሼው ነበር።

ቡናዬን ጠጥቼ፣ ተምሬን በልቼ፣ በትንሿ መኪና ወደ መግቢያው ተወሰድኩ። ሰልፈኛውም ቀስ በቀስ መጣ። ሁላችንም በአንድ በር ገባን። አውሮፕላኑ ለእኔ ብሎ አንድ ደቂቃ ቀድሞ አልተነሣም።

ቦሌ ዕቃችንን ስንጠብቅ ያቺ ልጅ ከጎኔ ቆማ አገኘኋት። አፍሬ ነበርና ቀድሜ ሰላም አልኳት። ሻንጣዋን ነገር እንዴት እንደሆነ ጠየቅሁ።

«ሻንጣው ከብዷል ነው ነገሩ። እኔ የተረፈውን ጣዪው ያለችኝ መስሎኝ ብርድ ልብሱንና ለእናቴ የገዛሁትን ድስት አወጣሁት። አንድ ሻንጣ ከ32 ኪሎ በላይ ስለማይጫን በሁለት ክፈዪው ማለቷ ነበር አሉ። ሌላ ሻንጣ ተፈቅዶልኝ ኖሯል። ከኋላዬ የነበረች ልጅ ቆይታ ነገረችኝ፤ ተመልሼ ብሄድ ዕቃው የለም» አለችኝ።

ምን እንደምላት ጠፋኝ። እርሷ ግን መልሳ እኔኑ አጽናናችኝ። «ምን ይደረግ ጋሼ፤ እርስዎም ቸኩለው ነበር።»

አልቸኮልኩም ነበር። በዚያ አዳራሽ ውስጥ ከሁሉ ይልቅ ጊዜ የነበረኝ ሰው እኔ ነበርኩ፤ የተከፈለልኝ ለዚያ ነው። ጥድፊያው የጊዜ ማጣት አልነበረም፤ የስፍራ መለየት ነበር። ሰልፉ ውስጥ ብሆን ኖሮ አልፌያት የምሄድበት ቦታ የለኝም። ከኋላዋ ቆሜ፣ ጉልበቴን እያሻሸሁ፣ ወድጄም ሆነ ተገድጄ አስተረጉምላት ነበር። ይህን የምለው ጥሩ ሰው ስለሆንኩ አይደለም። ሰልፉ ጥሩ ሰው ስለሚያደርገኝ ነው። እማሆይን ድንጋይ የምንገፋውም ሁላችን ደግ ሰዎች ስለሆንን አልነበረም። ከኋላ ስለቆምን ነው።

እንግዲህ ለእኅቴ መልሴ ይህ ነው። የከፈልሽው ገንዘብ ነውር የለበትም፤ በላብሽ ያገኘሽው ነው። ለታመመ፣ ለሸመገለ ማረፊያ መፈለግም ኃጢአት አይደለም። እኔን የማረኝ ያንቺ ፍቅር ነው፤ የበደለችውም እግሬ ናት፤ ሁለት ደቂቃ መቆም ያቃታት። ገንዘብ «የማን ነሽ?» ብሎ አለመጠየቁ መልካም ነው። ነገር ግን ገንዘብ «ማንን ጥለሽ ነው የምትሄጂው?» ብሎም አይጠይቅም። ያንን የሚጠይቀው ከጎን የቆመ ሰው ብቻ ነው፤ እኔም ተጠይቄ ሳልመልስ አለፍኩ።

ሌላ ጊዜ ልጠይቃት ስሄድ ስለ ጉልበቴ ተሽከርካሪ ወንበር እለምን እንደሆነ እንጂ ምንጣፉን ይቅርብኝ እላት ይሆናል። ወይም፣ እርሷ እምቢ ካለችና ከከፈለችልኝ፣ በምንጣፉ ላይ አልፋለሁ፤ ያ በሰሌዳ ስሜን የያዘ ወጣት ግን ትንሽ ይጠብቀኛል። ከሰልፍ መውጣት ይቻላል፤ ከሰልፈኛው መውጣት ግን አይቻልም። ድስቱን ያጣችው እናት ይህን አታውቅም። እኔ ግን ቤቴ ገብቼ ድስት ሲጣድ ባየሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል።